መርከብ የሚያውቅ ተርጓሚ ፍለጋ

ኖቬምበር 7 ቀን 2007 እ.ኤ.አ. ጠዋት የሳን ፍራንሲስኮን ባሕረ ሰላጤ ጥቅጥቅ ያለ ጉም ውጦታል። ኮስኮ ቡሳን የምትባል ኮንቴነር ጫኝ መርከብ ከኦክላንድ ወደብ ተነሥታ በባሕረ ሰላጤው ላይ በተዘረጋው ድልድይ ሥር አልፋ ወደ ውቅያኖሱ ለመውጣት በዚያ ጉም ውስጥ ትጓዛለች። መንገዱን የሚመራት አካባቢውን የሚያውቅ አሜሪካዊ ፓይለት ነው። ካፒቴኑና ሠራተኞቹ ቻይናውያን ናቸው፤ በመርከቧ ላይ ሥራ ከጀመሩም ገና ሁለት ሳምንት ገደማቸው ነው። ፓይለቱ በኤሌክትሮኒክስ ካርታው ላይ የሚያያቸውን ቀያይ ሦስት ማዕዘኖች ምንነት ካፒቴኑን ይጠይቃል። ካፒቴኑም ምልክቶቹ የድልድዩን መሃል እንደሚያሳዩ ተደርጎ የሚወሰድ መልስ ይሰጣል። ምልክቶቹ ግን በድልድዩ ምሰሶ ግራና ቀኝ የተተከሉ ተንሳፋፊ ጠቋሚዎች ነበሩ። መርከቧ ከምሰሶው መከላከያ ጋር ተፋትጋ ጎኗ ተሰነጠቀ። ሰው አልሞተም፤ ድልድዩም አልወደቀም። ነገር ግን ወደ 53 ሺህ ጋሎን፣ በሊትር ቢሰላ ሁለት መቶ ሺህ የሚደርስ የመርከብ ነዳጅ ባሕሩ ላይ ፈሰሰ።

የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ ምርመራውን በ2009 ሲያጠናቅቅ ዋናውን ጥፋት ያገኘው ፓይለቱ በሚወስዳቸው መድኃኒቶች ሳቢያ የማመዛዘን ችሎታው በመዳከሙ፣ ፓይለቱና ካፒቴኑ ከመነሣታቸው በፊትም ሆነ በጉዞው ላይ በቅጡ ባለመነጋገራቸው፣ ካፒቴኑም ተገቢውን ቁጥጥር ባለማድረጉ ላይ ነው። ስለዚህ አደጋው የትርጉም ስሕተት ያመጣው ነው ማለት አይቻልም። ሆኖም በዚያው ምርመራ ውስጥ ብዙዎች ሳያስተውሉት የሚያልፉት አንድ ጉዳይ አለ። የመርከቧ የደህንነት አሠራር መመሪያ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ሲሆን ሠራተኞቹ እርስ በርስ የሚግባቡበትና ሥራቸውን የሚሠሩበት ቋንቋ ቻይንኛ ነበር። ቦርዱም መርከቧን ለሚያስተዳድረው ኩባንያ ከሰጣቸው ምክሮች አንዱ መመሪያዎቹን በሠራተኞቹ የሥራ ቋንቋ እንዲያቀርብ የሚያሳስብ ነው። ይህ አዲስ ግዴታ አልነበረም። ዓለም አቀፉ የመርከቦች ደህንነት አስተዳደር ደንብ ሠራተኛው በሚገባው የሥራ ቋንቋ መረጃ እንዲደርሰው ቀድሞም ያዝዛል። ጉድለቱ ያለው ትርጉምን ከመርከቡ መሣሪያዎች እንደ አንዱ ባለማየት ላይ ነው። ለነፍስ አድን ጀልባና ለእሳት ማጥፊያ መርማሪ ይመደባል፤ ሠራተኛው የሚያነበውን ወረቀት ማን እንደተረጎመው የሚጠይቅ ግን እምብዛም ነው።

ጥያቄው ዛሬ ከ2007 ይልቅ ይከብዳል። የሻንጋይ ወደብ ከ2010 ጀምሮ በኮንቴነር ብዛት የዓለም አንደኛ ሲሆን በ2024 በዓመት ከ50 ሚሊዮን በላይ መደበኛ ኮንቴነሮችን በማስተናገድ የመጀመሪያው ወደብ ሆኗል። በቅርብ ዓመታት በዓለም ተሠርተው ከሚጠናቀቁት መርከቦች በጭነት አቅም ሲለካ ግማሽ ያህሉ ከቻይና መርከብ ማምረቻዎች የወጡ ናቸው። ከየመርከቡና ከየኮንቴነሩ ጀርባ የወረቀት ክምር አለ፤ ከዚያም ብዙው በቻይንኛ የተጻፈ ነው። ያንን ወረቀት ለሌላው ዓለም የሚያነብለት ሰው ሲያስፈልግ የተለመደው መንገድ ወደ ትርጉም ቢሮ ስልክ መደወልና «ቻይንኛ የሚችል አለ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነው። እኔ የማምነው ፍለጋው ከተሳሳተ በር የሚጀምረው እዚህ ላይ መሆኑን ነው። ተርጓሚው መፈለግ ያለበት ከመርከቡ ሙያ ተነሥቶ፣ እንደ ሰነዱ ዓይነት ተለይቶ፣ ችግሩ ከመድረሱም በፊት ነው። ቋንቋ መቻሉ የመጨረሻው ማጣሪያ እንጂ የመጀመሪያው መሆን የለበትም።

«የመርከብ ትርጉም» የሚባል አንድ ሥራ የለም። ከመርከብ ማምረቻው የሚወጣው የቴክኒክ መግለጫ፣ የሞተር መመሪያና የሥዕል ማብራሪያ የመሐንዲስ ቋንቋ ነው፤ የብረቱን ውፍረት፣ የብየዳውን ዓይነት፣ የፓምፑን ግፊት ያወራል። የመርከብ ኪራይ ውሉና ቢል ኦፍ ሌዲንጉ (የጭነት ሰነዱ) የነጋዴና የጠበቃ ቋንቋ ነው። የቻይና የባሕር ደህንነት አስተዳደር የሚያወጣው የአደጋ ምርመራ ዘገባና የጉዞ ማስጠንቀቂያ ደግሞ የመርከብ አሽከርካሪ ቋንቋ ነው፤ አቅጣጫ፣ ፍጥነት፣ የራዳር ርቀት፣ ሁለት መርከቦች ሲገናኙ የትኛው መንገድ መልቀቅ እንዳለበት ይናገራል። በ1956 የተቋቋመው የቻይና የመርከብ ደረጃ ምደባ ማኅበር የሚያወጣቸው ደንቦች የራሳቸው ዘይቤ አላቸው። የባሕር ፍርድ ቤቶች ውሳኔም እንደዚሁ። በአንዱ የተካነ ሰው በሌላው ጀማሪ ሊሆን ይችላል። ሐቀኛ ተርጓሚ ይህን ራሱ ይናገራል፤ «ሁሉንም እሠራለሁ» የሚል ሰው ከመጀመሪያው መጠርጠር አለበት።

የቋንቋ ችሎታ ብቻውን ለምን እንደማይበቃ ለማየት የመርከቡን ሠራተኞች ዝርዝር መክፈት በቂ ነው። ቻይንኛ የመርከብ መኮንኖችን ሲጠራ ዋናውን መኮንን «ዳ ፉ»፣ ሁለተኛውን «አር ፉ»፣ ሦስተኛውን «ሳን ፉ» ይላቸዋል። «ዳ» ትልቅ፣ «አር» ሁለት፣ «ሳን» ሦስት ማለት ስለሆነ እስከዚህ ድረስ ቁጥሩ ከዓለም አቀፉ አጠራር ጋር ይገጥማል። ወደ ሞተር ክፍል ሲወረድ ግን ቁጥሩ በአንድ ይንሸራተታል። «ዳ ጓን ሉን» የሚባለው በዓለም አቀፉ አጠራር ሁለተኛ መሐንዲስ ነው፤ ውስጡ «ሁለት» የሚል ቃል ያለበት «አር ጓን ሉን» ሦስተኛ መሐንዲስ ነው፤ «ሳን ጓን ሉን» አራተኛ። ቻይንኛ አቀላጥፎ የሚናገር፣ መርከብ ግን የማያውቅ ሰው «አር ጓን ሉን»ን ሁለተኛ መሐንዲስ ብሎ ቢተረጉም ማንም ቋንቋ አዋቂ አይታዘበውም፤ ቃሉን በትክክል ፈትቶታልና። በአደጋ ምርመራ ላይ ግን የፓምፑን ቫልቭ የዘጋው ማን እንደሆነ፣ በዚያ ሰዓት ተረኛው ማን እንደነበር፣ የማን ምስክርነት ከማን ጋር እንደሚጋጭ የሚታወቀው በዚህ ማዕረግ ነው። አንድ ማዕረግ ሲዛነፍ ጥፋቱ ከአንድ ሰው ትከሻ ወርዶ በሌላው ላይ ይጫናል።

በንግዱ በኩል ጉዳዩ ከዚህም ይከፋል። በቻይና የጭነት አስተላላፊዎች ዘንድ «ባኦ ጻንግ» የሚባል የዘወትር አባባል አለ፤ በጥሬው የጭነት ክፍል ፈነዳ ማለት ነው። የተባለው ግን መርከቡ ሞልቶ ቦታ የለም ነው። «ዲየን ፋንግ» በጥሬው «በኤሌክትሪክ መልቀቅ» ሲሆን መነሻው የቴሌግራም ዘመን ነው። ትርጉሙ ዋናው ቢል ኦፍ ሌዲንግ በተጫነበት ወደብ ተመልሷልና መድረሻው ላይ ያለው ወኪል ዋናውን ወረቀት ሳይጠይቅ ዕቃውን ይልቀቅ የሚል ትእዛዝ ነው። ከቻይና ዕቃ ያስመጣ ነጋዴና የእርሱ ትራንዚተር ይህ ምን ማለት እንደሆነ ወዲያው ይገባቸዋል፤ ዋናው ወረቀት በባንክ እጅ ሆኖ ክፍያ የሚጠበቅበት ዕቃ በዚህ ትእዛዝ ከወጣ፣ ወረቀቱን የያዘው ባንክ ባዶ እጁን ቀረ ማለት ነው። ከሁሉም የሚያሰጋው ግን «ባው ኻን» ነው። ይኸው አንድ ቃል ዕቃ ላኪው ለመርከብ ኩባንያው የሚሰጠውን የካሳ መተማመኛ ደብዳቤ ይጠራበታል። የመርከብ ማምረቻው ባንክ ለገዢው የሚሰጠውን የቅድመ ክፍያ መመለሻ ዋስትናም ይጠራበታል። የመጀመሪያው የላኪውን ያህል ብቻ የሚታመን የግል ቃል ኪዳን ነው፤ ሁለተኛው ባንክ ሲጠየቅ የሚከፍለው ሚሊዮኖች የሚቆጠሩበት ግዴታ ነው። ሁለቱን የሚለየው ዐረፍተ ነገሩ አይደለም፤ የግብይቱ ሂደት ነው። ሂደቱን የማያውቅ ተርጓሚ የፈለገውን ያህል መዝገበ ቃላት ቢያገላብጥ ሁለቱንም ትርጉም ያገኛል፤ የትኛውን መምረጥ እንዳለበት ግን አያገኝም።

ሕጉ ደግሞ ቃላቱን እንደ ገና ያጠብቃቸዋል። ቻይና የባሕር ንግድ ሕጓን በ1992 አውጥታ ከጁላይ 1 ቀን 1993 ጀምሮ ሥራ ላይ አዋለች። ሕጉ ከዓለም አቀፍ ስምምነቶች ብዙ ቢወስድም በራሱ መንገድ የቀረጻቸው ነገሮች አሉ። ለምሳሌ የ1992ቱ ሕግ ዕቃ ላኪ ሲል ከአጓጓዡ ጋር የተዋዋለውን ሰው ብቻ ማለቱ አይደለም፤ ዕቃውን በተጨባጭ ለአጓጓዡ ያስረከበውንም በዚያው ስም ያቅፋል። ወደብ ላይ አስረክቦ የሚሸጥ ቻይናዊ ላኪ፣ የመርከቡን ኪራይ የከፈለው ሌላ ሰው ቢሆንም፣ በዚህ ትርጓሜ መብት ሊያገኝ ይችላል። ይህን የማያውቅ ተርጓሚ የፍርድ ቤት ውሳኔ ሲያነብ ሁለት ላኪ መኖሩ የጽሑፍ ስሕተት ይመስለውና «ያስተካክለዋል»። የማያውቅ ሰው የሚያደርገው እርማት ከማያውቅ ሰው ስሕተት ይልቅ ለመያዝ ያስቸግራል፤ ንባቡ ለስላሳ ሆኖ ይወጣልና።

ሰዓቱም አለ። በቻይና የባሕር ጉዳይ የሚዳኙ ልዩ ፍርድ ቤቶች ከ1984 ጀምሮ ተቋቁመው ዛሬ ሻንጋይን፣ ጓንግጆውን፣ ቺንግዳኦን፣ ዳልያንን ጨምሮ 11 ደርሰዋል። በ2000 ሥራ ላይ የዋለው የባሕር ጉዳዮች ልዩ ሥነ ሥርዓት ሕግ፣ የይገባኛል ጥያቄ ያለው ሰው መርከብ እንዲታገድለት ሲያመለክት ፍርድ ቤቱ ማመልከቻውን ከተቀበለ በ48 ሰዓት ውስጥ እንዲወስን ያዝዛል። የእግዱ ጊዜ 30 ቀን ነው፤ አመልካቹ በዚያ ውስጥ ክስ መመሥረት ወይም ወደ ግልግል ዳኝነት መሄድ አለበት። በውጭ ቋንቋ የተጻፈ የሰነድ ማስረጃ ደግሞ ቻይንኛ ትርጉሙ አብሮት ካልቀረበ አይሄድም። አሁን ስፍራውን በዓይነ ኅሊና መመልከት ይቻላል። መርከቡ ዛሬ ወደቡ ገብቷል፣ ነገ ማታ ይወጣል፤ ጠበቃው የኪራይ ውሉን፣ የሂሳብ ደረሰኞቹንና የደብዳቤ ልውውጡን ይዞ ተርጓሚ ይፈልጋል። በዚያ ሌሊት የሚገኘው ሰው ነጻ ሆኖ የተገኘው ነው እንጂ የሚበልጠው አይደለም። የመርከብ ባለቤቶች፣ ጠበቆችና የመድን ሰዎች የመርማሪና የጠላቂ ስልክ በእጃቸው አኑረው ይጠብቃሉ፤ የተርጓሚውም ስልክ ከዚያ ዝርዝር ውስጥ ቀድሞ መግባት አለበት።

በዚህ ሐሳብ ላይ የሚነሣው የመጀመሪያው ተቃውሞ የባሕር ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው የሚል ነው። እውነት አለው። ዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት በ2001 ያጸደቃቸው መደበኛ የባሕር መግባቢያ ሐረጎች በእንግሊዝኛ ናቸው፤ ብዙ የመርከብ ኪራይ ውሎችም በእንግሊዝኛ ተጽፈው የለንደን ግልግል ዳኝነትን ይመርጣሉ። ነገር ግን እነዚያ ሐረጎች የተዘጋጁት መርከብ ከመርከብ፣ መርከብ ከወደብ በሬዲዮ ለሚነጋገርበትና በመርከቡ ላይ ትእዛዝ ለሚተላለፍበት አጭር ንግግር ነው። መርከቡን የሠራው ባለሙያ ለፎርማኑ የጻፈው ማስታወሻ፣ ቻይናዊው የሞተር ክፍል መኮንን የመዘገበው የጥገና ደብተር፣ የቺንግዳኦ ፍርድ ቤት ውሳኔ፣ የወደቡ ባለሥልጣን መግለጫ በዚያ ሐረግ አይጻፉም። ለንደን ላይ በእንግሊዝኛ የሚካሄድ ክርክርም ቢሆን ማስረጃው ከቻይና መርከብ ማምረቻ ሲመጣ በቻይንኛ ነው የሚመጣው። ውሉ እንግሊዝኛ በሆነ ቁጥር ከሥሩ ያለውን ቻይንኛ አጥርቶ ማንበብ ይበልጥ ያስፈልጋል፤ ዳኞቹ ቻይንኛውን አያዩትምና የሚያምኑት ተርጓሚውን ነው። ደግሞም ቻይንኛ ከዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት ስድስት ይፋዊ ቋንቋዎች አንዱ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የጊዜው ነው፤ ማሽን ይተርጉመው ይላል። ይህን በቀላሉ መግፋት አይገባም። ሦስት ሺህ ገጽ ቻይንኛ ሰነድ የደረሰው ጠበቃ የትኛው ገጽ የሞተሩን ብልሽት እንደሚያነሣ፣ የትኛው የምሳ ደረሰኝ እንደሆነ በማሽን ቢለይ ጊዜም ገንዘብም ያተርፋል። ለማጣራት ማሽን ጥሩ ነው፤ የዛሬዎቹ ማሽኖች «ባኦ ጻንግ»ን የመሰሉ የታወቁ አባባሎችን ብዙ ጊዜ በትክክል ይፈቷቸዋል። ችግሩ የሚመጣው ሰነዱ ራሱ በማይናገረው ነገር ላይ ነው። «ባው ኻን» የሚለው ቃል ብቻውን በኢሜይል ውስጥ ሲመጣ የትኛው ዋስትና እንደተፈለገ የሚታወቀው ከሦስት ወር በፊት ከተጻፈ ሌላ ደብዳቤ ነው። ተርጓሚው የጎደለውን ሰነድ ይጠይቃል፤ ማሽኑ ግን ሳይጠይቅ አንዱን መርጦ በእኩል መተማመን ይጽፈዋል። ቁጥርም አለ፤ ቻይንኛ ትልልቅ ቁጥሮችን የሚቆጥረው በሺህ ሳይሆን በአሥር ሺህ («ዋን») እርከን ነው፤ በጥድፊያ በተጻፈ መልእክት ላይ «8 ዋን ቶን» 80 ሺህ ቶን ነው። የቶኑም ዓይነት ይለያያል፤ የመርከቡ ጠቅላላ ቶን የሚለካው የውስጥ ስፋቱን እንጂ ክብደቱን አይደለም፤ የሚሸከመው ክብደት በሌላ ስም ይጠራል። እነዚህን የሚያጣራ ሰው ከማሽኑ ጀርባ ከተቀመጠ ማሽኑ ይጠቅማል። ከሌለ ግን ስሕተቱ ከበፊቱ ይልቅ የሚያምር ልብስ ለብሶ ነው የሚወጣው። የተከራካሪ ወገንን ምሥጢራዊ ሰነድ በነጻ ድረ ገጽ ላይ መለጠፍም በራሱ ሌላ አደጋ ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ደግሞ የምስክር ወረቀት አለ፣ የታወቀ ቢሮ አለ፣ ደረጃ አለ የሚል ነው። ቻይና ከ2003 ጀምሮ ብሔራዊ የተርጓሚዎች ብቃት ፈተና ትሰጣለች፤ በብሪታንያና በአሜሪካ ያሉ የተርጓሚ ማኅበራትም አባሎቻቸውን ይፈትናሉ። ዓለም አቀፉ የትርጉም አገልግሎት ደረጃ አይሶ 17100 እ.ኤ.አ. በ2015 ሲወጣ የተተረጎመውን ሌላ ሁለተኛ ሰው ከዋናው ጋር አስተያይቶ እንዲያርም ግዴታ አደረገ፤ ተርጓሚው የሚሠራበትን ዘርፍ ማወቅ እንዳለበትም ይጠቅሳል። ሁለቱም ጥሩ ናቸው፤ እኔም ያለ ሁለተኛ ዓይን የወጣ የመርከብ ትርጉም ላይ እምነት የለኝም። ነገር ግን ደረጃው የመርከብ ዕውቀትን አይፈትንም፤ የቢሮውን አሠራር ነው የሚያረጋግጠው። ሁለት መርከብ የማያውቁ ሰዎች አንዱ የሌላውን ሲያርም «አር ጓን ሉን» ሁለት ጊዜ ሁለተኛ መሐንዲስ ሆኖ ያልፋል። ስለዚህ ለቢሮው የሚቀርበው ጥያቄ «የምስክር ወረቀት አላችሁ?» ብቻ ሳይሆን «ይህን ሰነድ በስም ማን ይተረጉመዋል? ማንስ ያርመዋል? ሁለቱ በባሕር ጉዳይ ምን ሠርተዋል?» መሆን አለበት። ስም ለመናገር የማይፈልግ ቢሮ ሰነዱን ከተቀበለ በኋላ ሰው የሚያፈላልግ ነው።

ታዲያ ጡረታ የወጣ ቻይናዊ ካፒቴን ለምን አይሠራውም? ይህ ከሁሉም የሚያጓጓው ሐሳብ ነው፤ ግማሹም ልክ ነው። ካፒቴኑ ሰነዱን ማንበብ ይችላል፤ መጻፍ ግን ሌላ ሙያ ነው። የፍርድ ቤት ትርጉም ዋናው ደራሲ አሻሚ አድርጎ የተወውን አሻሚ አድርጎ መተው፣ የተሳሳተውንም ከነስሕተቱ ማሳየት ይጠይቃል። የባሕር ሰው ልማዱ ተቃራኒ ነው፤ የተዘበራረቀ ነገር ሲያይ ያደራጀዋል፤ «ማለት የፈለገው ይህን ነው» ይላል። ብዙ ሙያዊ ተርጓሚዎች በተለምዶ ወደ አፍ መፍቻ ቋንቋቸው የሚተረጉሙትም በዚህ ዓይነት ምክንያት ነው፤ የሚጽፉበትን ቋንቋ ጥቃቅን ልዩነት መቆጣጠር አለባቸው። ስለዚህ ካፒቴኑ በተርጓሚው ቦታ ሳይሆን ከተርጓሚው ጎን ሲቀመጥ ነው ዋጋ የሚኖረው። አንዱ የሌላውን ጉድለት የሚሞላበት እንዲህ ያለ ጥንድ በሁለቱም የተካነን ብርቅ ሰው ሲጠብቁ ከመኖር ይሻላል።

ያ ብርቅ ሰው ግን አለ፤ የት እንዳለም መገመት አያስቸግርም። በዳልያንና በሻንጋይ ያሉት የባሕር ዩኒቨርሲቲዎች መኮንኖችንና መሐንዲሶችን ብቻ አያፈሩም፤ የባሕር ሕግና የባሕር እንግሊዝኛም ያስተምራሉ። ከእነርሱ የወጡ ሰዎች በመርከብ ኩባንያዎች የካሳ ክፍል፣ በጠበቆች ቢሮ፣ በመድን ማኅበራት ወኪሎች ዘንድ፣ በ1959 በተመሠረተው የቻይና የባሕር ግልግል ዳኝነት ኮሚሽን አካባቢ ይሠራሉ፤ ከእነርሱም ጥቂቶቹ ኋላ በግላቸው ተርጓሚ ይሆናሉ። የተርጓሚ ማኅበራት የአባላት ማውጫ በዘርፍ መፈለግ ያስችላል፤ ከዚያ ግን አንዱን ስም ወስዶ ከባሕር ጠበቃ ወይም ከመርከብ መርማሪ ጋር ማመሳከር ያስፈልጋል። «ማን ነው የተረጎመላችሁ? እንደ ገና ሥራ ትሰጡት ነበር?» የሚል አጭር ጥያቄ ከረጅም የሥራ ታሪክ ወረቀት ይበልጣል። የትኛው ቻይንኛ እንደሆነም አስቀድሞ መለየት አለበት። በዋናው ቻይና የተጻፈ፣ በሆንግ ኮንግ የተጻፈና በታይዋን የተጻፈ የመርከብ ሰነድ በፊደሉም በቃሉም ይለያያል። ኮንቴነር በዋናው ቻይና «ጂ ጇንግ ሺያንግ» ሲባል በታይዋን «ኹዎ ግዊ» ነው፤ የታይዋን ሕግ ቢል ኦፍ ሌዲንግን የሚጠራበት ስምም ሌላ ነው። የሆንግ ኮንግ ሕግ ደግሞ መሠረቱ የእንግሊዝ ነው። በአንዱ የሠለጠነ ተርጓሚ ሌላውን መሥራት ይችል ይሆናል፤ መጠየቁ ግን የደንበኛው ድርሻ ነው።

ሰውየው ከተገኘ በኋላ የሚቀረው ፈተና ነው፤ ፈተናውም ተከፍሎበት መሆን አለበት። አንድ ገጽ ይበቃል፤ ግን ከሚተረጎመው ሰነድ ከራሱ፣ አስቸጋሪ ከሆነው ቦታ የተወሰደ ገጽ ይሁን። ሲመለስ ከትርጉሙ ይልቅ አብረውት የመጡትን ጥያቄዎች ማየት ይጠቅማል። «መርከቡ የተከራየው ለጊዜ ነው ወይስ ለአንድ ጉዞ?» «ይህ ዋስትና ከባንክ ነው ወይስ ከላኪው?» «የሚያነበው ማን ነው፣ ፍርድ ቤት ወይስ መሐንዲስ?» እያለ የሚጠይቅ ሰው ከሰነዱ ጀርባ ያለውን ነገር አይቷል። ምንም ሳይጠይቅ ንጹሕ ገጽ የሚመልስ ሰው ወይ እጅግ አዋቂ ነው ወይ ያላየው ነገር አለ፤ ሁለተኛው ይበዛል። የሚጠቀምበትን የቃላት ዝርዝር እንዲያሳይ መጠየቅ፣ ምሥጢር የመጠበቅ ስምምነት መፈረም፣ ጥርጣሬ ያለበትን ቦታ በግርጌ እንዲያመለክት ማስገደድ ተገቢ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ዋጋው ከፍ ይላል፤ ፈጣንም አይደለም። ውድ ነው የሚለውን ቅሬታ ግን ከመርከቡ የቀን ኪራይ ጋር አስተያይቶ መመዘን ይገባል። አንድ ትልቅ መርከብ በተሳሳተ ሰነድ ምክንያት አንድ ቀን ቢቆም የሚጠይቀው ኪራይ አብዛኛውን ጊዜ ከሙሉው የትርጉም ክፍያ ይበልጣል። ዲመሬጅ (የመዘግየት ክፍያ) የከፈለ ነጋዴ ይህን ሂሳብ ማንም እንዲያስረዳው አይፈልግም።

ለኢትዮጵያ ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። የኢትዮጵያ ባሕር ትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ እ.ኤ.አ. በ2010ዎቹ መጀመሪያ ሰባት ደረቅ ጭነትና ሁለት ነዳጅ ጫኝ፣ በድምሩ ዘጠኝ መርከቦችን በቻይና መርከብ ማምረቻዎች አሠርቶ ተረክቧል። መርከብ በቻይና ሲሠራ ዋናው ውልና የማስረከቢያው ሰነድ በእንግሊዝኛ ይሁን እንጂ ከመሣሪያ አምራቾች የሚመጣው ማስታወሻ፣ የመለዋወጫው ካታሎግ፣ በጥገና ጊዜ ከማምረቻው ጋር የሚደረገው ልውውጥ ቻይንኛ ይገባበታል። ከቻይና ወደ ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ ወደ ሞጆ ደረቅ ወደብ የሚንቀሳቀሰው ዕቃ ወረቀት መነሻውም እዚያው ነው። ወደ አማርኛ የሚደርሰው ነገር አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዝኛ በኩል ዞሮ ስለሚመጣ በመጀመሪያው ትርጉም የገባ ስሕተት በሁለተኛው ላይ አይታይም፤ ሁለተኛው ተርጓሚ ዋናውን ማየት አይችልምና። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የባሕር ሕግ በአማርኛ የሕግ ቋንቋ ቢያኖርም፣ የሞተር ክፍሉና የመርከብ ማምረቻው ቃላት በአማርኛ ገና በየሠራተኛው አፍ ላይ ናቸው፤ ብዙዎቹም ከእንግሊዝኛ እንዳሉ የተወሰዱ ናቸው።

ሰዎቹ ግን አሉ። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የማሪታይም አካዳሚ የኢንጂነሪንግ ምሩቃንን አሠልጥኖ በዓለም አቀፍ መርከቦች ላይ የሚሠሩ መሐንዲሶች አድርጓቸዋል፤ ቻይንኛ የተማሩ ወጣቶችም ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና ከቻይና ዩኒቨርሲቲዎች በየዓመቱ ይወጣሉ። እስካሁን ሁለቱ አይተዋወቁም። ከባሕር የተመለሰ አንድ መሐንዲስና ቻይንኛ የሚያነብ አንድ ተርጓሚ የአንድን መርከብ የሞተር ክፍል መመሪያ ይዘው ለጥቂት ወራት አብረው ቢቀመጡ፣ በመጨረሻው ላይ ከመመሪያው ሌላ በቻይንኛና በአማርኛ የተዘጋጀ የቃላት መዝገብ ይወጣል፤ ያንን መዝገብ ለማስጀመር የሚያስፈልገው የመርከብ ባለቤት የሆነ አንድ ድርጅት የሚመድበው በጀትና ሁለት ወንበር ነው።